አጥንት የሚያቃጥለው እድር

አሳየች ዘውገ የእድሩ ንብረት ያዥ ከሆነች ወዲህ ከግምጃ ቤቱ ወጥታ የቀረች አንዲት ማንኪያ የለችም። ድስቶቹን የምትለያቸው በመልካቸው ሳይሆን ሲነኩ በሚሰጡት ድምፅ ነው። የትኛው አግዳሚ ወንበር እንደሚያነክስ፣ የትኛው ደግሞ ወፈር ያለ ለቀስተኛ እንደማይችል አብጠርጥራ ታውቃለች። አንድ ጊዜ ጭልፋ ጠፍቶ መተሐራ ድረስ በአውቶቡስ ሄዳ፣ ከሰው ወጥ ውስጥ አውጥታ፣ አራግፋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወጣችሁ ጨው በዝቶበታል» ብላ ተመልሳለች ይባላል። እሷ ግን ስለ ጨው ምንም እንዳልተናገረች ትምላለች። ናዝሬት ውስጥ ወሬ ከአንዱ ኬክ ቤት ተነስቶ ሌላው ኬክ ቤት እስኪደርስ ጢም ያበቅላል።

እንጀራዋ የመቂ ሽንኩርት መቸርቸር ነው። ቡልቡላ ተወልዳ፣ ዝዋይ አድጋ፣ ናዝሬት አግብታ፣ ናዝሬት ባሏን ቀብራለች። በሄደችበት ሁሉ የጉድጓድ ውሃ ስትጠጣ ኖራ ጥርሶቿ ዝናብ የመታው ምስማር መስለዋል። በሠርጓ ፎቶግራፍ ላይ ሙሽራው ሠላሳ ሁለቱንም ሲያሳይ፣ እሷ ከንፈሯን ገጥማና ዓይኗን አፍጥጣ ፍርድ ቤት የቀረበች ምስክር ትመስላለች። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሳቅ በመጣባት ቁጥር ነጠላዋን ወደ አፏ ስታነሳ ኖራለች። የነጠላዋ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት በተገዛው ትልቁ ድስት ነው። ድስቱ ተቀዶ ወደ ቆርቆሮ ሠሪው ወደ ኡርጌሳ ወሰደችው። ኡርጌሳ ቆርቆሮ ከመቀጥቀጡ በፊት በስኳር ፋብሪካ ቦይለር ዓመታት የሠራ፣ እሳት የሚገባው ሰው ነው።

«አካም ጂርታ፣ አዴ አሳየች» አላት ድስቱን ገልብጦ እያየ። «ጥርስሽን ማን እንዳበላሸው ታውቂያለሽ?»

«እግዜር ነዋ።»

«ተይ፣ ስሙን አታጥፊ። ውሃው ነው። የዚህ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር አለበት። ፋብሪካ እያለሁ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ፣ አጥንት አየር ሳይገባው ቢከስል ያን ነገር ከውሃ ውስጥ ይውጠዋል ብሎኛል። ሞክሬዋለሁ። መሰለች የምትባለው ጤና ረዳትም ውሃውን አዲስ አበባ ልካ አስመርምራ፣ ‹ይሠራል› ብላለች።»

አሳየች ድስቱን ረሳችው። «የኔ ጥርስ ይነጣል እንግዲያ?»

«ያንቺስ አለቀለት» አለ ኡርጌሳ፣ ማስመሰል ስለማይችል። «የሕፃናቱን ነው የምንደርስበት። የአዋቂ ጥርስ የሚሠራው ልጁ ገና የወተት ጥርስ እያለው፣ ድዱ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ጥሩ ውሃ ካልጠጣ፣ ኋላ በአሸዋ ብትፈትጊው አይለቅም።»

አሳየች በዚያው ሳምንት ጉዳዩን ወደ እድሩ አመጣችው። የእድሩ አባላት ሦስት መቶ ሃያ ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ነጋዴውም አስተማሪውም አንድ ላይ። «ሞተን ስንቀበር ብቻ ነው እንዴ የምንተዛዘነው?» አለቻቸው። ጉባኤው አጨበጨበ። እድሩ ከጓሮው ቦታ ሰጠ፣ በርሜልና ቆርቆሮ ገዛ፣ ኡርጌሳንም ቀጠረ። ጸሐፊው አቶ አብዱልመናን ውሳኔውን በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው አሰፈሩት፤ ማጣሪያው የእድሩ በጎ ሥራ ነው፣ መጀመሪያ የሚሰጠውም የጉድጓድ ውሃ ለሚጠጡና ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ችግረኞች ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ በክርክር አለቀ። ማጣሪያው ስለመሥራቱ የተጠራጠረ አልነበረም፤ ጭንቁ የአጥንቱ ጉዳይ ነበር። ከየትኛው ሥጋ ቤት ይምጣ? ክርስቲያኑ በሙስሊም የታረደ፣ ሙስሊሙም በክርስቲያን የታረደ አይበላም፤ በከሰለው አጥንት ውስጥ ያለፈ ውሃስ? አንዲት እናት ደግሞ ብድግ ብለው «በጾም ብጠጣው እገድፋለሁ?» ሲሉ፣ የዓለም ሳይንቲስቶች ተሰብስበው ሊመልሱት የማይችሉት ጥያቄ መጣ። መጨረሻ ላይ ሁለት በርሜል ተተከለ። አንዱ የወንድም አብዱልጀባርን ልኳንዳ አጥንት፣ ሌላው የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችን አጥንት ያከስላል። በየማጣሪያው ሆድ ላይ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ ተቀባ። የጾሙን ነገር የንስሐ አባቶች «ውሃ ውሃ ነው፤ ጠጥታችሁ ጸልዩ» ብለው ዘጉት። ሁለቱም በርሜሎች ሲጨሱ ሽታቸው አንድ ነበር፤ ይህን ግን ማንም በቃለ ጉባኤ አላስያዘም።

ሥራው ቀና። ሁለት የቆርቆሮ ባልዲ ይደራረባል፤ ከላይኛው ውስጥ የተፈጨና የታጠበ ጥቁር አጥንት፣ ከታችኛው ላይ ቧንቧ። አጥንቱ ነጭ ከሆነ ተቃጥሏል፣ ቡናማ ከሆነ አልበሰለም፣ ይሸታል። ጥቁር መሆን አለበት። አሳየች ሽንኩርቷን ሸጣ ስትመለስ ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ ጭሱን ትጠብቃለች። የናዝሬት ውሾች በሙሉ አጥሩን ከበው እንደ ሐዘንተኛ ይተክዛሉ።

ታዲያ አንድ ቀን አሳየች ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሸንኮራ አገዳው ማሳ ዳር ወዳለው የቆራጮች ሰፈር ሽንኩርት ይዛ ሄደች። ከወራቤ አካባቢ ከመጣች ፋዲላ ከምትባል ሴት ቤት ውሃ ጠጣች፤ ምላሷ የቡልቡላን ጉድጓድ ወዲያው አወቀው። የፋዲላ ልጅ በድሪያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሲያዩአት ትስቃለች፣ አፏን አትሸፍንም። የወተት ጥርሶቿ ነጫጭ ናቸው። ታላቅ እህቷ ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መዳፏን አፏ ላይ ታደርጋለች።

አሳየች ያን መዳፍ አየችው። ከዚያ «በዚህ ሰፈር ሕፃን ያለበት ቤት ስንት ነው?» አለች።

«ሠላሳ» አለች ፋዲላ።

«ሠላሳ ማጣሪያ አመጣለሁ። ከጥምቀት በፊት። ይኸው አፌ፣ ይኸው ጥርሴ» ብላ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነጠላዋን ሳታነሳ ጥርሷን ለሰው አሳየች።

ኡርጌሳ ሁለት ወር ደክሞ ሠላሳውን ጨረሰ። ተደርድረው ሲታዩ ሰልፍ የወጡ ወታደሮች ይመስሉ ነበር። ጣጣው የመጣው ይሄኔ ነው።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰብስቤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ሌባ አይደሉም፤ የሰው ሳንቲም አይነኩም። ድካማቸው ማኅተም ነው። ማጣሪያው ሲቋቋም «ሥራው የራሱ ኮሚቴ ይኑረው» ተባለ፤ ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ፤ እሳቸውም እምቢ አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእድሩ ማኅተም በቀኝ ኪሳቸው፣ የማጣሪያው ማኅተም በግራ ኪሳቸው ሆነ፤ ሲራመዱ እንደ በቅሎ ጭነት ሚዛን ይጠብቃሉ። ኮሚቴው ከእድሩ ቆርቆሮ ሲፈልግ ጋሽ ሰብስቤ ለጋሽ ሰብስቤ ደብዳቤ ይጽፋሉ። በግራው ማኅተም መትተው፣ ተነስተው፣ ጠረጴዛውን ዞረው፣ ማዶ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ያነባሉ። አንዳንዴ «አጻጻፉ ጨዋነት ይጎድለዋል» ብለው ይመልሱታል ይባላል።

አሳየች ሠላሳውን ማጣሪያ ልትወስድ ጋሽ ሰብስቤ ዘንድ ስትደርስ አንድ ደብዳቤ በሁለቱም ማኅተም ተመትቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሠላሳው ማጣሪያ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት ተጭኖ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ሆቴል እንዲሸጥ ይላል።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ እነዚህ ለቆራጮቹ ሰፈር ነው የተሠሩት።»

«ልክ ነሽ። እድሩም እንደዚያ ያምናል።»

«ታዲያ?»

«የማጣሪያው ኮሚቴ ግን የተለየ አቋም አለው።»

«የኮሚቴው ሊቀመንበር ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«የእድሩስ ዳኛ?»

«ሥራ በዝቶብኛል እኮ፣ አሳየች» አሉ ጋሽ ሰብስቤ በእውነተኛ ድካም።

ከዚያ አስቀምጠው አስረዷት። ሰውየው የሚናገሩት ፍሬ ቢስ አልነበረም። ሆቴሉ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ ስልሳ ማጣሪያ ይሠራል፤ ስልሳው ለድሃ ይሰጣል። በጎ ሥራ በምጽዋት ብቻ አይቆምም። ኡርጌሳም ደሞዝ ይፈልጋል።

«ስልሳው መቼ ይደርሳል?»

«ሆቴሉ ተጨማሪ ካላዘዘ፣ በሚቀጥለው ዓመት።»

«ካዘዘስ?»

«ያኔማ መቶ ሃያ ይሆናል!»

«የበድሪያ ጥርስ ግን ዘንድሮ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ። ‹የሆቴሉን ትእዛዝ ጨርሰን እንመጣለን፣ ቆይ› ብንለው ይሰማናል?»

ጋሽ ሰብስቤ በረጅሙ ተነፈሱ። «ኮሚቴው የወሰነውን የሚሽር ጉባኤ ነው ካልሽ ጉባኤ ጥሪ። ከአባላቱ ሦስት አራተኛው ይምጣ እንጂ እኔ እታዘዛለሁ።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ብለዋል፤ በዚያ የአብዮት ዘመን እሁድ የማን እንደሆነ ያውቃሉና። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ፣ ረፋዱ ላይ የሴቶች ማኅበር፣ ከምሳ በኋላ የውይይት ክበብ፣ ከዚያ መሠረተ ትምህርት፣ ከዚያ የልማት ዘመቻ ነው። የናዝሬት ሰው ያን ጊዜ ከመሰብሰቡ ብዛት ቤቱ ሲገባም እጁን አውጥቶ ነበር እራት የሚጠይቀው። አሳየች ግን ጠራች። በመጀመሪያው እሁድ አርባ አንድ ሰው መጣ። በሁለተኛው ሃያ ስምንት። በሦስተኛው አሳየች፣ ኡርጌሳና አንዲት ፍየል ተገኙ፤ ፍየሏም ቃለ ጉባኤውን ልትበላ ሞከረች።

«በቃ አዴ» አለ ኡርጌሳ። «ሐሙስ መኪናው ይመጣል። ምን ይደረጋል?»

«እስከ ሐሙስ አራት ቀን አለ» አለች አሳየች፣ ቃለ ጉባኤውን ከፍየሏ አፍ እየነጠቀች።

ረቡዕ ማታ እማማ ሮማነወርቅ በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። የእድሩ አንጋፋ አባል ነበሩ፤ ቀብሩ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ተባለ። አሳየች እንደ ወጉ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን አውጥታ ለሐዘንተኞቹ አስረከበች። ስትጨርስ ግን አልሄደችም። የሟቿን ልጅ ጥሩነሽን ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ አነጋገረቻት።

በእድሩ ደንብ፣ ቀብር ከተፈጸመ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሜዳው ላይ ስም ይጠራል። ከስም ጥሪው በፊት የጠፋ ንብረት ካለ ንብረት ያዥዋ ታስታውቃለች። የጠፋው ነገር የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ስም አይጠራም፤ ስሙ ሳይጠራ የሄደ ሰው ደግሞ ቀብር እንዳልመጣ ይቆጠራል። ከዚህ የባሰ ነውር የለም፤ ለቀበሌ ስብሰባ የሚቀር ሰው ለቀብር አይቀርም።

«ቀብራቸው ላይ ትልቅ ነገር ማስታወቅ አለብኝ» አለች አሳየች። «ሰው ይቆማል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ጭቅጭቅም ይነሳል። አይሆንም ካልሽኝ እተወዋለሁ።»

ጥሩነሽ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ዓይኗ ከለቅሶ አብጧል። «እናቴ ዘጠና ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስትቆጣ ነው የኖረችው» አለች። «ቀብሯ ጭር ካለማ ማን እንደተቀበረ በምን ይታወቃል? አስታውቂ።»

ሐሙስ ቀብሩ ሲያበቃ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ ሲጠብቁ የነበሩት ሙስሊም አባላትም ተቀላቀሉ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ በሰው ዓይን ይሞላል። አቶ አብዱልመናን መዝገቡን ገልጠው፣ «የጠፋ ንብረት አለ?» አሉ፤ ለወጉ ያህል፣ እስክሪብቶአቸውን እየፈቱ።

«አለ» አለች አሳየች።

ሦስት መቶ ያህል አንገት ዞረ። የአሳየች ንብረት ጠፋ ማለት ዓባይ ቆመ እንደማለት ነው።

«ድስት ነው?» አለ አንዱ።

«ሠላሳ ማጣሪያ ነው። በዚህ እድር ገንዘብ የተሠራ። ጉባኤው ከሰጠው ቦታ ጠፍቷል።»

ጋሽ ሰብስቤ ከፊት መስመር ተንደርድረው ወጡ። «ምን ማለትሽ ነው? አልጠፋም! ግቢያችን ውስጥ ነው፣ አሁን መኪና ላይ እየተጫነ ነው!»

«ወዴት ሊሄድ?»

«ወደ ላንጋኖ።»

«አቶ አብዱልመናን፣ ጉባኤው ለማን ነበር ያለው?»

አቶ አብዱልመናን ገጹን ፈልገው አነበቡት፤ ችግረኞች፣ የጉድጓድ ውሃ፣ ትናንሽ ልጆች። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ላንጋኖ የሚል የለበትም» አሉ።

«ይሄ ቀብር ነው እንጂ ጉባኤ አይደለም!» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

«ደንቡ የሚለው ‹ከአባላቱ ሦስት አራተኛው በአንድ ቦታ ሲገኙ› ነው» አሉ ጸሐፊው። ቆጠሩ። ነፋሱ ባርኔጣ እየወሰደ ሁለት ጊዜ አሳሳታቸው፤ በሦስተኛው ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ሆነ። «ሞልቷል። ተርፏልም።»

«ጋሽ ሰብስቤ፣ እባክዎ ይመልሱ» አለ አንድ አስተማሪ ከኋላ። «ከአራት ሰዓት ጀምሮ በዚህ ጠባብ ጫማ ቆሜያለሁ፤ ጫማው የወንድሜ ነው።»

«ስኳር አለብኝ፣ ምሳ አልበላሁም!» አሉ አንዲት ሴት። «ማን ነው ለላንጋኖ የፈቀደው?»

«ኮሚቴው ጠየቀ» አሉ ጋሽ ሰብስቤ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «እድሩ ፈቀደ።»

«ኮሚቴውን ወክሎ ማን ጠየቀ፣ እድሩን ወክሎ ማን ፈቀደ?» አሉ ሴትየዋ።

ጋሽ ሰብስቤ ወደ ቀኝ ኪሳቸው አዩ፣ ወደ ግራ ኪሳቸው አዩ። ጉዳዩን ራሳቸውም ገና አሁን የሰሙት ይመስሉ ነበር። ከሕዝቡ መሀል ሳቅ ተነሳ፤ ቀብር መሆኑን አስታውሶ ቆመ፤ የሟቿ ልጅ ራሷ ስትስቅ ባየ ጊዜ ደግሞ ሳያፍር ቀጠለ።

አሳየች ግን አልሳቀችም። «ጋሽ ሰብስቤ አልሰረቁም» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ማንም እንዲህ እንዳይል። ያሉትም ውሸት አይደለም፤ ላንጋኖ ይክፈል፣ በሱ ለድሃ እንሥራ። ግን ላንጋኖም እንደ ሰው ሰልፍ ይያዝ። መጀመሪያ ሕፃን ያለበት ቤት፣ ቀጥሎ ሆቴል። ደግሞ ለማኙም ሰጪውም አንድ ሰው አይሁን። እኔ ይኸው ነው የምለው።»

እጅ ይውጣ ተባለ። በስብሰባ ብዛት የሠለጠነ እጅ ነው፤ ሜዳው በአንዴ የአገዳ ማሳ መሰለ። ጋሽ ሰብስቤ ጥቂት አሰቡና ከግራ ኪሳቸው የማጣሪያውን ማኅተም አውጥተው ጸሐፊው መዝገብ ላይ አስቀመጡት። አንድ ትከሻቸው ወዲያው ከፍ አለ።

«ለአሳየች ይሰጣት!» አለ ሕዝቡ።

«አልወስድም» አለች። «ንብረቱንም ማኅተሙንም እኔ ይዤ ነገ እኔ ሳጠፋ ማን ያስታውቅብኛል?»

«ለአብዱልጀባር!» አለ አንዱ።

«አጥንቱን የማቀርበው እኔ ነኝ እኮ» አለ አብዱልጀባር ከርቀት። «እኔው አቅርቤ እኔው ልፈርም? ደግሞ ወደዚያው ልንመለስ!»

ማኅተሙ በመጨረሻ ለጤና ረዳቷ ለመሰለች ደረሳት። ከዚያ ስም ተጠራ፤ ያን ቀን የተጠራው ሰው ሁሉ «አቤት» ያለው ረሃብ ባለበት ድምፅ ነበር።

ላንጋኖ የሚሄደው ፊያት የጭነት መኪና እድሩ ግቢ በር ላይ፣ ሸራው ታስሮ፣ ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ሾፌሩ ቀነኒሳ ከሬዲዮው ጋር አብሮ ይዘፍናል። አሳየችና ኡርጌሳ ሳያስፈቅዱ ጋቢና ገቡ።

«ላንጋኖ አብራችሁኝ ልትዋኙ ነው?» አለ ቀነኒሳ።

«ወደ አገዳው ንዳ» አለች አሳየች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሠላሳውም ወረዱ። መስቀሉ ለክርስቲያኑ ቤት፣ ጨረቃው ለሙስሊሙ ቤት ታደለ። ፋዲላ ቧንቧውን ከፈተች፤ በድሪያ ጠጣች፤ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «እንደገና» አለች። ታላቅ እህቷ ከበሩ ተደግፋ ታያለች። አሳየች ለእሷም ቀድታ ሰጠቻት፤ ለጥርሷ ባይሆንም ለአጥንቷ ነው ብላ።

ሸራው ተጠቅልሎ ሊሄዱ ሲሉ አምስት ሴቶች ከማዶ፣ ከቦዩ ወዲያ ካለው ሌላ ሰፈር፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ መጡ። ማጣሪያዎቹን አዩ፣ ከዚያ አሳየችን አዩ። «እኛስ?» አለች አንዷ። «እኛም ልጆች አሉን። ስልሳ አራት ቤት ነን።»

አሳየች ከሽንኩርት ዘንቢሏ ወረቀት አውጥታ ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ወደ ኡርጌሳ ዞረች።

«በሳምንት ስንት ትሠራለህ?»

«አራት።»

«ስምንት አድርገው።»

«አዴ፣ እጄ ሁለት ነው።»

«ነገ ጠዋት ቆርቆሮ መቁረጥ ታስተምረኛለህ» አለች፣ ወደ ጋቢናው እየተሳፈረች። «መቀሱን ቀድሜ እስለዋለሁ።»